ድፍት ያለበት ሰዓት

ልጄን የረገምኩት በሐምሌ ነው። ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር።

ነገሩ የመሬት ነው። ከርብ ወንዝ ወዲህ፣ ከቤታችን በታች፣ ለከብት ግጦሽ ያቆየኋት ቁራጭ መሬት ነበረችኝ። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ በዕጣ የደረሰችኝ ናት። በፎገራ ሜዳ ሣር የተወ ሰው አሁን ጥቂት ነው፤ ሁሉም ሩዝ ሆኗል። እኔ ስድስት ላም ስላለኝ አላረስኳትም።

ሱባኤ ልይዝ ጣራ ገዳም ወጣሁ። ስምንት ቀን ቆይቼ ስመለስ መሬቷ ታርሳ፣ ውሃ ተኝቶባት፣ ሩዝ ተዘርቶባት አገኘኋት። ልጄ ሰውመሆን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከመካከሏ ቆሟል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ሚስት አለው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ የራሱ መሬት ግን የለውም፤ ከእኔው ተካፍሎ ነው የሚያርሰው። ያቺን መሬት ስጠኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኖኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ አይሆንም ብዬዋለሁ።

ጎረቤት ቆሟል። ሚስቱ እናትነሽም ቆማለች። እኔም፣

"ድፍት ያርግህ" አልኩት።

ሌላ አልጨመርኩም። እሱ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን መደልደል ቀጠለ።

ድፍት ማለት በእኛ ሜዳ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ይከርምና ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የሚገኝ ሰው አለ። ታላቅ ወንድሜን ያገኘነው እንዲያ ሆኖ ነው። ገልብጬ ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ቃሉን ከአፌ ሳወጣ ይህን አላሰብኩም ማለት አልችልም።

የአባት ርግማን በቃል ይነሳል። አባት ሰው ባለበት "ርግማኔን አንስቻለሁ" ይላል፤ ልጅ ጉልበት ይስማል፤ ያበቃል። ሽማግሌዎች መጡ። መጀመሪያ ጉልበቴን ይሳም አልኩ። እሱ ደግሞ ሩዙ ታጭዶ፣ ጭዱን ለላሞቻቸው ከምሬላቸው እስማለሁ ብሎ ላከ። እንግዲያው እስከዚያ ይቆይ አልኩ። ክረምቱን በአንድ ግቢ እየኖርን ሳንነጋገር ከረምን።

በኅዳር ሩዙ ደረሰ። ሰውመሆን ማጨድ የጀመረው ከዚያችው መሬት ነው። ውሃው ገና አልደረቀም ነበር። በሁለተኛው ቀን ማጭዱ አዳለጠውና ቅልጥሙን ቆረጠው። በጨርቅ አስሮ ጭቃው ውስጥ አራት ቀን ዋለ። ማነከሱን አይቻለሁ። እኔ ብዙ የማይ ሰው ነኝ፤ የጨርቁ ቀለም እንኳ ሲለወጥ አይቻለሁ። አልጠየቅሁትም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እናትነሽ ደጄ ላይ ቆመች።

"አባባ፣ ሰውመሆን ይቃዣል። ትንፋሹ እንደሮጠ ሰው ነው።"

በቃሬዛ እስከ ጥርጊያው፣ ከዚያ በባጃጅ ወረታ አደረስነው። ወረታ መርፌ ወጉት፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፤ የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ሳንባውም እየተከተለ ነው አሉ። አምቡላንስ ጠርተው ወደ ባሕር ዳር ሰደዱን። መንገዱ በዚያ ቀን ክፍት ነበር። እናትነሽ የምታጠባው ልጅ ስላላት አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐሙሲትን እስክናልፍ ዓይኑን አልገለጠም። ሲገልጥ እኔን አየ፤ መልሶ ጨፈነ።

የገባንበት ክፍል የጽኑ ሕሙማን ይባላል። ስድስት አልጋ አለው። የሚያስተነፍሱ መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ላይ ነበሩ። ለሰውመሆን በአፍና በአፍንጫው ላይ ጭምብል አድርገው ኦክስጅን ለቀቁለት። ጣቱን የምትቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ አደረጉለት፤ ድምፅ የላትም፤ ቁጥር ብቻ ታሳያለች። ቁጥሩ ሰማንያ ሦስት ይል ነበር። ከዘጠና በታች ጥሩ አይደለም አሉኝ።

ሐኪሙ ዶክተር ደረሰ ይባላል። ወጣት ነው፣ ከሲታ። አገሩ ከእኛ ይርቃል፤ አማርኛው የትምህርት ቤት ነው። ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ደሙ ሲመረዝ ሳንባ ውሃ ይይዛል አለ። ሰው በጀርባው ሲተኛ ያ ውሃ ከኋላ በኩል ይጠራቀምና ሳንባው ይዘጋል፤ በሆዱ ሲተኛ የተዘጋው ይከፈታል። መሣሪያ በሌለበት፣ አስታማሚ አጠገቡ ሆኖ በሽተኛው በሆዱ እንዲቆይ ቢረዳው፣ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ሰው ይቀንስ እንደሆነ እያጠኑ ነው።

ይቀንሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"አናውቅም፣ አባት" አለ። "ለዚህ ነው የምናጠናው።"

አናውቅም የሚል ሐኪም ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። አመንኩት።

ማን በሆዱ እንደሚተኛ፣ ማን እንደ ወትሮው እንደሚታከም የሚወስነው ሐኪሙ አይደለም፤ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ያለው ነው። ይህን ሲያስረዳኝ ብዙ ደከመ። ዕጣ ነው አልኩት፤ ዕጣ አውቃለሁ። ተገርሞ አየኝና፣ አዎ፣ ዕጣ ነው አለ። ሰውመሆንንም ጠየቀው፤ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። እኔ ፈረምኩ። ትምህርቴ ጥቂት የቄስ ትምህርትና የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሜን እጽፋለሁ።

ፖስታውን የከፈተችው ሲስተር መስከረም ናት። የይፋግ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ የእኛው ነው። ወረቀቱን አየችና ወደ አልጋው ሄደች። ትራሱን አስተካከለች።

"በል እስቲ ወንድሜ" አለችው፣ "ድፍት በል።"

ሰውመሆን ከጭምብሉ በላይ ዓይኑን አንስቶ አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

እሷ ያልሰማ መስሏት ደገመችለት። ያን ጊዜ በገዛ ክንዱ ተደግፎ ዞረና ተደፋ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቁጥሩ ሰማንያ ሰባት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ዘጠና አንድ ገባ።

ለእኔ ወረቀትና እርሳስ ተሰጠኝ። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ሳጥን አለው። ድፍት ላለበት ሰዓት ጭረት፣ ላላለበት ሰዓት ክብ። ከዳር ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ ከተገለበጠ ለምን እንደተገለበጠ የሚጻፍበት ነው። መስከረም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አሳየችኝ።

"ያዩትን ብቻ ነው የሚጽፉ፣ አባባ። እንዲያምር ብለው አይጨምሩ። ከሐሰት ጭረት ባዶ ሳጥን ይሻለኛል።"

ያየሁትን መጻፍ ይሆንልኛል አልኳት። ይሆንልኝም ነበር። ለሽንት ሲነሳ እጽፋለሁ። ሾርባ ሲጠጣ እጽፋለሁ። ጭረቴ ቀጥ ያለ ነው።

ከጎናችን ያለችው አስታማሚ አምሳል የምትባል የሐሙሲት ሴት ናት። ባሏ በዚያው ጥናት ውስጥ ነበር፤ ለእሱ የወጣለት እንደ ወትሮው መተኛት ነው። እኛ ከመድረሳችን በፊት ደክሞ አንደኛውን መሣሪያ አስገብተውለታል። እዚያ ክፍል ውስጥ የምትቀልድ እሷ ብቻ ነበረች።

"ለእናንተ ድፍት ወጣላችሁ፣ ለእኛ ጋለል" አለችኝ። "የኔስ ሰውዬ ዱሮም በጀርባው መጋደም ይወድ ነበር።"

ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ ደግሞ፣ "ምነው እርስዎ፣ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኑብን እኮ። ነገ ደግሞ ማስነጠሳችንን ይጽፉብናል" አለች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሰውመሆን ተናገረ። ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ ትራሱ ላይ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

"ሩዟ ታጨደች?"

"ግማሿ።"

"ሌላው ይረግፋል።"

"እናጭደዋለን" አልኩት።

እናጭደዋለን ማለቴን ሰማ። ቆይቶ፣ ጭዱ ይበቃቸዋል አለ፤ ለላሞቹ ማለቱ ነው። ይበቃቸዋል አልኩ። ያን ቀን ቁጥሩ ዘጠና ሦስት ደረሰ። ዶክተር ደረሰ አይቶት፣ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ።

አመሻሹ ላይ፣ በጠያቂ ሰዓት፣ እናትነሽ ከወንድሟ ከደጉ ጋር መጣች። ከበሩ ሳታልፍ ቆመች። ባሏ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በደረቱ ተኝቷል፤ ፊቱ አይታይም። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

ማን እንዲህ እንዳስተኛው ጠየቀችኝ። ሐኪሙ አልኳት። ማን ፈረመ አለች። እኔ አልኩ። ስለ ሳንባው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቁጥሩ የተነገረኝን ነገርኳት። ቁጥሩን አልሰማችም። ደጉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያየ፣ የጋሼ ባየህ ቃል ዘገየ እንጂ አልቀረም አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። ዝም በል አለችው።

"አባባ" አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። "በአፍዎ የጠሩትን በእጅዎ ይዘው ይጠብቁታል። ወይ ርግማንዎን ያንሱለት፣ ወይ ያገላብጡት። አንዱን ያድርጉልኝ።"

ሐኪም ቤት የርግማን ቦታ አይደለም አልኳት። ከአፍ የወጣ ነገር ነው፣ ክረምቱ አልፏል አልኳት።

"እንግዲያው ማንሳቱ ምን ገደደዎ?"

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። መልሱ አሁን አለኝ። ባነሳው፣ እየገደለው ያለው የኔ ቃል ነው ብዬ በሰው ፊት ማመኔ ነበር። ጉልበቴም አልተሳመም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቃሌን መልሼ አላውቅም። ይህን እንደ ትልቅ ነገር ይዤው ኖሬያለሁ።

ለሕፃኗ ስትል ወደ ወረታ ተመለሰች።

ሦስተኛው ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአምሳል ባል ላይ ደወል ጮኸ። መስከረም ሮጠች፣ ዶክተር ደረሰም ተከተለ፤ መጋረጃውን ጋረዱት። አምሳልን አስወጧት። እኔና ሰውመሆን ቀረን። እሱ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ቀኝ ክንዱ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ፀጉሩ በላብ ርሶ ከማጅራቱ ተለጥፏል። ፊቱ ከትራሱ ሰጥሟል።

ወንድሜ ጭቃው ላይ የነበረው ልክ እንዲያ ነው። ክንዱ እንኳ።

ቁጥሩን አየሁ። ዘጠና ሁለት ይላል። ቁጥሩን እያየሁ ነው ያደረግሁት። ከሁለቱ አንዱን አድርግ ተብዬ ነበር፤ የቀለለኝን አደረግሁ። በትከሻውና በወገቡ ይዤ ገለበጥኩት።

ነቃ። "ምነው አባባ?"

"ጥቂት ዕረፍ።"

"ሲስተር ፈቀደች?"

"ፈቅዳለች።"

አንገቱን ዘረጋ። "አንገቴ አልቆ ነበር" አለ፤ ደስ እንዳለው አየሁ። ፊቱ ወደ ላይ ሆነ። ሰው መሰለ። ፈጣሪን አመሰገንኩ።

መጋረጃው አልተከፈተም። እስከዚያ ብቻ፣ አንገቱ እስኪያርፍ፣ ብዬ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ዘጠና ሆነ። ሰማንያ ስምንት ሆነ። የስድስት ሰዓት ሳጥን ደረሰ። እርሳሱን አነሳሁ። ክብ ብጽፍ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። መስከረም ታየዋለች፤ ለምን ትለኛለች። ጭረት ጻፍኩ። አሁን መልሼ እገለብጠዋለሁና ልዩነት የለውም አልኩ።

ሰባት ሰዓት ላይም መጋረጃው እንደተጋረደ ነው፤ ጭረት ጻፍኩ። ቁጥሩ ሰማንያ አምስት ነበር። ጋቢዬን አውልቄ ደረቱ ላይ ጣል አደረግሁለት፤ በረደው ብዬ ነው። ጋቢው እጁንም ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አይታየኝም ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ጭረት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭረት። የዘጠኝ ሰዓቱን ስጽፍ አምሳልን ከውጭ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ከፍ አድርጋ አልነበረም።

ያን ጊዜ ልመልሰው ተነሳሁ። ሰውነቱ ሁሉ ላብ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ድፍት በል አልኩት፤ ቃሉን እኔው ራሴ አልኩት። አላወቀኝም። ልገለብጠው ስይዘው እጄን ገፋኝ፤ ሰው ሊያሰጥመኝ ነው እንደሚል ይታገላል። አቃተኝ።

መስከረም ስትደርስ ጋቢውን ገፈፈች። ቁጥሩ ሰባ አራት ይላል።

"አሁን ነው የተገለበጠው?"

"አሁን ነው" አልኳት።

ወረቀቴን አየች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀጥ ያሉ ጭረቶች አሉበት። አመነችኝ። ዶክተሩን ጠራች።

የአምሳል ባል ያረፈበት መሣሪያ ተጠርጎ ወደ ልጄ አልጋ ተገፋ። ዶክተር ደረሰ ጓንቱን እያጠለቀ፣ ቱቦው ከገባ በኋላ እንደማይናገር፣ በመድኃኒት እንደሚተኛ ነገረኝ።

"የሚሉት ነገር ካለ አሁን ይበሉት፣ አባት።"

ተጠጋሁ። ሰውመሆን ጥቂት ወደ ራሱ ተመልሶ ነበር። አየኝ። የሚጠብቀውን አውቃለሁ። መስከረም ቆማለች፣ ሐኪሙ ቆሟል፣ ሌላ ነርስም ነበረች፤ ሰው አልጠፋም።

"አይዞህ" አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። አስወጡኝ።

ከዚያ አራት ቀን ቆየ። በመሣሪያው ላይ ሆኖም አራት ሰው ሆነው በሆዱ ይገለብጡት ነበር። የደም ግፊቱን የሚያነሳ መድኃኒት ጨመሩለት። ኩላሊቱ ቆመ። ቁስሉን ከፍተው አጠቡት። በሁለተኛው ቀን መስከረም፣ አንዳንዱ ይሰማልና ያናግሩት አለችኝና ወጣች። ጆሮው ሥር ሆኜ ርግማኔን አንስቻለሁ አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩት። ሰው ባለበት ነው የሚባለው። የነበረው መሣሪያው ብቻ ነው።

በታኅሣሥ ባታ ዕለት ጠዋት አረፈ።

አስከሬኑን ስጠብቅ ዶክተር ደረሰ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እንደ ሰው አዘነልኝ፤ ቸኩሎ አልሄደም። ወረቀቴን በእጁ ይዞት ነበር።

"እርስዎ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል" አለኝ። "እስካሁን ከተሞሉልን ሁሉ እንደዚህ የተጣራ የለም። ልጅዎ ሰዓቱን በሙሉ በሆዱ ተኝቷል። አልጠቀመውም። ይህም ለሌላው ትምህርት ነው።"

ወረቀቱን አጥፎ ከሌሎቹ ጋር አስገባው።

ልጄን ከወንድሜ አጠገብ ቀበርነው። በሠልስቱ ለቀስተኛው ሲሳሳ እናትነሽ ወደ መደቡ መጣች። ሰውነቷ አልቋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ አለችኝ።

"አገላብጠውት ነበር?"

"አዎን።"

"መቼ?"

"ሳይደክም። ሲናገር ሳለ።"

"ሰማይ አይቷል?"

"ፊቱ ወደ ላይ ነበር። አንገቴ አልቆ ነበር አለኝ፤ ደስ አለው።"

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "እንደ ተደፋ እንዳይቀርብኝ ነበር የፈራሁት።"

ሰው ሁሉ አየ። ጉልበቴን አላሸሸሁም። ምን ብዬ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ነው የሚታየኝ። ሌላ ሰው በዚያ አልጋ ይተኛል። ሌላ አባት ከፊቱ ይቀመጣል። ሐኪሙ ያቺን ወረቀት አውጥቶ፣ አንድ የወረታ ሰው ሰዓቱን በሙሉ ድፍት ብሎ አልጠቀመውም ይላል። እንዲያ አላለም። አራቱን ሳጥን በጀርባው ነበር።

ልጄ በሞተ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባሕር ዳር ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። መስከረም በሩ ላይ አየችኝና የረሱት ዕቃ አለ ወይ አለችኝ። ዶክተሩን እፈልጋለሁ አልኩ። ሁለቱም ባሉበት፣ ያ ወረቀት ውሸት ነው አልኩ።

ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ያሉትን ሳጥኖች አሳየኋቸው። ገለበጥኩት፤ በጋቢ ሸፈንኩት፤ ጭረት ጻፍኩ። መስከረም አፏን በእጇ ያዘች። ዶክተር ደረሰ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዲህ አድርጉ ብሎኝ እንደነበር ጠየቀኝ።

"ማንም" አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለ እርሳስ ላጲስ ነበረው፤ ልፍቀው አልኩ። እጄን ያዘኝ።

"አይፋቅም፣ አባት። አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት። እውነቱ ከጎኑ ይጻፋል። ስምና ቀን ይደረግበታል።"

እስክሪብቶ ሰጠኝ። አራቱን ጭረቶች ሰረዝኳቸው። ከጎናቸው አራት ክብ ጻፍኩ። ክቦቹ ክብ አልሆኑም። ባየህ ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ።

"ምክንያቱ ቀርቷል" አለች መስከረም።

ቦታው ጠባብ ነው። ብዙ አሰብኩ። ከዚያ፣ ድፍት ያርግህ ብዬ ረግሜው ነበር፣ ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ደረሰ አነበበው። አልገባውም፤ ወደ መስከረም ዞረ። እሷ ወረቀቱን ስታይ ቆየች። በመጀመሪያው ቀን አልጋው አጠገብ ድፍት በል ማለቷን እንዳስታወሰች ገባኝ። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ልክ ነው፣ ይግባ" አለችው። "በኋላ እነግርሃለሁ።"

ከመነሳቴ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ባልገለብጠው ይተርፍ ነበር ወይ አልኩ። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ደሙ ተመርዞ ነበር። ያለዚያም ላይተርፍ ይችል ነበር። ደግሞ ሊተርፍም ይችል ነበር። አላውቅም።"

"አያውቁም?"

"አላውቅም፣ አባት።"

እንደ መጀመሪያው ጊዜ አመንኩት። መዋሸት ይቀለው ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ወረታ ወረድኩ። በእግሬ ወደ ቤት ስደርስ እናትነሽ ያቺ መሬት ውስጥ ነበረች። ከቀረው ገሚሱን ጎረቤት አጭዶላት ነበር፤ የቀረው ከጫፍ በኩል መርገፍ ጀምሯል። የሰውመሆን ማጭድ የነዶው ድርድር ላይ ነበር። አነሳሁትና ከወዲያኛው ጫፍ ገባሁ። መሬቱ ደርቋል።

ጀርባዋን ሳታቀና፣

"የት ውለው ነው፣ አባባ?" አለችኝ።

"ባሕር ዳር። የቀረ ወረቀት ነበር።"

"ጨረሱት?"

"ጨረስኩት።"

ማጨዷን ቀጠለች። ሲጨልም አንድ አንድ ነዶ ተሸክመን ወደ ቤት ገባን። ጭዱን በማግስቱ ለላሞቹ ከመርኩት።